ጊታሩ ጨንቻ ሲወጣ

ጊታሩ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ተደፍቷል። የጀርባው ፕላስቲክ ክዳን ተነስቶ ብሎኖቹ አንድ የቡና ሲኒ ውስጥ ተጠራቅመዋል። ክዳኑ በሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ሞላዎች ጎን ለጎን ተወጥረው ይታያሉ። ቦታው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። የከሰዓቱ ሙቀት ገና አልበረደምና በሩም መስኮቱም ወለል ብሎ ተከፍቷል። የጊታሩ ባለቤት ሃያዎቹን ያላገባደደ የባንድ ተጫዋች ነው። ነገ ጨንቻ ላይ ሰርግ አለበት፤ ጊታሩ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልቃኝ ብሎታል።

«ጋሼ፣ ወፍራሙን የኢ ክር ስቃኝ የኤ ክር ይወርዳል። ኤን ሳስተካክል ደግሞ ኢ ተመልሶ ይወርዳል። መቃኛ ቁልፎቹ ይሆኑ እንዴ የሚያንሸራትቱት?»

ጋሼ ያላቸው ሰው በደርግ ዘመን በኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወቱ ነበር። ዛሬ የሰፈሩ ወጣቶች የተበላሸ ጊታር ይዘው የሚመጡት ወደ እሳቸው ነው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ አዟዙረው አዩና ሳቅ አሉ። «ቁልፎቹስ ጤነኞች ናቸው። አንተ ስድስት ክር የምትቃኝ መስሎህ ነው፤ የምትቃኘው ዘጠኝ ነው። ሦስቱ እዚህ ጀርባው ውስጥ አሉ።»

የተንሳፋፊ ብሪጅ ነገር በዚህች መልስ ውስጥ ተጠቃሏል። ይህ ብሪጅ ያለው ጊታር ከውጭ አገር ዘመድ በስጦታ፣ ወይም ከአዲስ አበባ በግዢ እጁ የገባ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚማረረው በዕቃው ነው። ችግሩ ግን በአብዛኛው ከዕቃው ሳይሆን ሥራው ከተሠራበት ቅደም ተከተል ይመነጫል።

ሁለት ጉልበት በአንድ ብረት ላይ

ብሪጅ ማለት የክሮቹ የታችኛው ጫፍ የሚያርፍበት ብረት ነው። በቋሚ ብሪጅ ላይ ይህ ብረት ከጊታሩ እንጨት ጋር በጥብቅ ስለታሰረ አንዱ ክር ቢከር ሌላው አይነካም። ትሬሞሎ የሚባለው፣ በዘንግ የሚወዛወዘው ብሪጅ ግን አልታሰረም። ከፊት በኩል በብሎኖች ወይም በሁለት አጫጭር ምሰሶዎች ላይ ተደግፎ ይወዛወዛል። ከሥሩ ከባድ የብረት ጉማጅ አለ፤ ይህ ጉማጅ በጊታሩ ሰውነት ውስጥ አልፎ እስከ ጀርባው ይዘልቃል። ሞላዎቹ በአንድ ጫፋቸው ከጉማጁ ጋር፣ በሌላው ጫፋቸው ደግሞ ጥፍር ከመሰለ ብረት ጋር ይያያዛሉ። ጥፍሩ በበኩሉ በሁለት ረጃጅም ብሎኖች እንጨቱ ላይ ተጣብቋል። ክሮቹ ብሪጁን ወደ አንገቱ ይስባሉ፣ ሞላዎቹ ወደ ኋላ ይመልሱታል፤ ሁለቱ ጉልበቶች እኩል በሆኑበት ቦታ ብሪጁ በአየር ላይ ይቆማል።

ጉልበቱ ቀላል አይደለም። የጊታር ተጫዋቾች «ዘጠኝ ቁጥር» የሚሉት ቀጭን የክር ስብስብ በፌንደር ስትራቶካስተር ላይ፣ ማለትም 648 ሚሊ ሜትር የክር ርዝመት ባለው ጊታር ላይ፣ በተለመደው ቅኝት ሲቃኝ በድምሩ 38 ኪሎ ግራም ገደማ ይስባል። «አሥር ቁጥር» ሲሆን ስበቱ ወደ 47 ኪሎ ይጠጋል። በሁለቱ መካከል ያለው የ9 ኪሎ ልዩነት ሞላዎቹ ሳይነኩ ቁጥሩ ብቻ ከተቀየረ ብሪጁን ከኋላው ብድግ ያደርገዋል። ክሮቹ ከጣት ሰሌዳው ይርቃሉ፤ ጊታሩ ለጣትም ይከብዳል፣ ቅኝቱም ይዛባል።

ይህን ዓይነት ብሪጅ ለዓለም ያስተዋወቀው በካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ከተማ ይሠራ የነበረው ሊዮ ፌንደር ነው። ስትራቶካስተር እ.ኤ.አ. በ1954 ሲወጣ ብሪጁ በስድስት ብሎኖች ላይ የሚወዛወዝ ሲሆን ከጀርባው አምስት ሞላ የሚይዝ ቦታ ነበረው። ተጫዋቹ ከብሪጁ የወጣውን ዘንግ ሲጫን ክሮቹ ይላሉና ድምፁ ይወርዳል፤ ሲለቀው ይመለሳል። ዘንጉን ወደ ላይ ሲስብ ደግሞ ድምፁ ከፍ የሚለው ብሪጁ ከእንጨቱ ተነስቶ የሚንሳፈፍ ከሆነ ብቻ ነው። ችግሩ መመለሱ ላይ ነበር፤ ክሩ ሄዶ ሲመለስ በአንገቱ ጫፍ ባለችው የነት ቦይ ውስጥ እየተያዘ የተቃኘበትን ቦታ ይስታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፍሎይድ ሮዝ የተባለ አሜሪካዊ ጊታሪስት ክሮቹን በሁለቱም ጫፍ በብሎን የሚቆልፍ ሥርዓት ሠራ፤ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫውንም እ.ኤ.አ. በ1979 አገኘ። ታዋቂው ጊታሪስት ኤዲ ቫን ሄለን ሲጠቀምበት ደግሞ የሮክ ጊታሪስቱ ሁሉ ዓይን ወደዚያ ዞረ።

መቆለፉ ክሩን ከመንሸራተት አዳነው፤ ሚዛኑን ግን አልቀየረውም። ፍሎይድ ሮዝም ሆነ ተራው ስድስት ብሎን፣ ኢ ሲከር ብሪጁ በጥቂቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ሌሎቹ አምስት ክሮች በዚያው ልክ ይላላሉ። የሲቀላው ወጣት ከጠዋት ጀምሮ ሲያሳድደው የዋለው ይህንኑ ነው። አንድ ክር በመድረክ ላይ ቢበጠስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሞላዎቹ ተቃዋሚ ሲቀንስባቸው ብሪጁን ወደ ኋላ ስለሚስቡት የቀሩት አምስቱ በአንድ ጊዜ ይከራሉ።

ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን ተራራው ላይ ያሉት የዶርዜ ሸማኔዎች ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቁታል። ድሩ በሙሉ እኩል ካልተወጠረ ሸማው ይጨማደዳል፤ ስለዚህ ሸማኔው እያንዳንዱን ክር ብቻውን ሳይሆን ድሩን እንዳለ ነው የሚወጥረው። ልዩነቱ የሸማኔው ድር የሚታሰርበት እንጨት ከቦታው አለመነቃነቁ ነው። የተንሳፋፊ ብሪጅ ባለቤት ግን ድሩን የሚያስረው በሚሄድ እንጨት ላይ ነው።

ጣትና ዘንግ

የኢትዮጵያ ጊታር ለብዙ ዘመን ያለ ዘንግ ኖሯል ማለት ይቻላል። በዘፈኖቻችን ውስጥ የሚሰማው መወዝወዝ፣ መንሸራተትና መጎተት የሚመጣው ከግራ እጅ ጣቶች ነው፤ መነሻውም ማሲንቆና ክራር ናቸው። ማህሙድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሲቀርጽ፣ በኋላም ባንዱ ሮሃ ተብሎ የአንድ ትውልድ ድምፃውያንን ሲያጅብ፣ የሰላም ሥዩም ጊታር የዚህ የጣት ቋንቋ ዋነኛ ተናጋሪ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተሰኘውን አልበሙን እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጣ፣ አዘጋጁም አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ሲሆን፣ ከሮክ የመጣ ከባድ ጊታር ከአገር ቤት ቅኝት ጋር ጎን ለጎን መቆም እንደሚችል ብዙ ወጣት ሰማ። ዘንግ ያለው ጊታር በክፍለ ሀገር ከተሞች ጭምር የሚመኙት ዕቃ ቢሆን አይገርምም።

ነገር ግን ተንሳፋፊ ብሪጅና የእኛ አጨዋወት የሚጋጩበት አንድ ቦታ አለ። የትዝታ ወይም የባቲ ዜማ የሚጫወት ጊታሪስት አንዱን ክር አስተኝቶ ሌላውን በጣቱ እየገፋ ድምፁን ከፍ ማድረግ ይወዳል። በቋሚ ብሪጅ የተኛው ክር ከቦታው አይነቃነቅም። በተንሳፋፊው ግን የሚገፋው ክር ብሪጁን ስለሚስበው የተኛው ክር ይወርዳል፤ ሁለቱ አብረው ሲሰሙ ጆሮ ይቆረቁራሉ። ሞላ መጨመር ይህን ይቀንሰዋል። በሦስት ሞላ ፋንታ አምስት ገብቶ ጥፍሩ በዚያው ልክ ከተላላ ሚዛኑ አይለወጥም፤ ብሪጁ ግን ለትንሽ ጉትቻ ቶሎ አይታዘዝም። ዋጋው ዘንጉ ለእጅ መክበዱ ነው።

ሁለተኛው ግጭት የሚመጣው ከድምፃውያን ነው። ክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ለመሄድ ክሮቹን እንደገና ይቃኛል። ጊታሪስት ግን አንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ መከፋፈያ ብረቶች ስላሉት ጣቱን ማዞር ይበቃዋል። ድምፃዊቱ «ዛሬ ጉሮሮዬ አልተመቸኝም፣ ግማሽ ድምፅ አውርዱልኝ» ስትል ግን ቀላል የሚመስለው ሁሉንም ክር ማላላት ነው። ግማሽ ድምፅ ሲወርድ የክሮቹ ስበት 11 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ የዘጠኝ ቁጥሩ 38 ኪሎ ወደ 34 ይወርዳል። አራት ኪሎ የቀለለው ብሪጅ ወደ ኋላ ይሰጥማል፤ ክሮቹ ፍሬቶቹ ላይ ይተኙና ይርገበገባሉ። ጥፍሩ ሳይላላ ጊታሩ አይስተካከልም፣ ይህን ደግሞ በሁለት ዘፈን መሃል የሚሠራ ሰው የለም።

ለዚህ የሚረዳ አንድ ሒሳብ አለ። አሥር ቁጥር ክር አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብሎ ሲቃኝ የሚስበው 37 ኪሎ ገደማ ነው፤ በተለመደው ቅኝት ላይ ካለው ዘጠኝ ቁጥር ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብሎ የሚጫወት ባንድ፣ ለዘጠኝ ቁጥር የተዘጋጀ ጊታር ላይ አሥር ቁጥር ቢያስር ሞላዎቹን እምብዛም ሳይነካ ይሠራል።

ከቆላ ወደ ደጋ

አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አናት ተቀምጣለች። ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። በመንገድ ሲለካ ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። አየር በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ ከታሰበ፣ ከሲቀላ የተነሳ ጊታር ጨንቻ ሲደርስ ቢያንስ የ9 ዲግሪ ለውጥ አልፎበታል። ጉም ከወረደ ልዩነቱ ይሰፋል።

ብረት ሲቀዘቅዝ ያጥራል። 648 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ክር 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚያጥረው ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ነገር ግን ክሩ ሲወጠርም የሚረዝመው በጥቂት ሚሊ ሜትሮች ስለሆነ ይህች ቅንጣት ለጆሮ ትሰማለች፤ ከቀጭኖቹ ይልቅም በወፍራሞቹ ላይ ትብሳለች። ክሮቹ ሲከሩ ተንሳፋፊው ብሪጅ ጥቂት ወደ ፊት ይሰጣል። መድረክ ላይ መብራቱ ሲበራና አዳራሹ በሰው ሲሞላ ነገሩ ይገለበጣል፤ ክሮቹ ይሞቃሉ፣ ይላላሉ።

የእንጨቱ ጉዳይ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። በአርባ ምንጭ አካባቢ ዝናቡ ዓመቱን በሁለት ይከፍለዋል፤ ትልቁ በሚያዝያና በግንቦት፣ ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ይጥላል። የጊታር አንገት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ በደረቁ ወራት ይኮማተራል፤ ቁመናውም አብሮ ይለወጣል። አንገቱ ሲጎብጥ የክሮቹ ከፍታ ይቀየርና ተጫዋቹ ብሪጁን ይወቅሳል። ክረምቱን በሐምሌና በነሐሴ ለሚጠብቀው የአዲስ አበባ ጊታር የሚሠራው የጥገና ቀጠሮ እዚህ አይሠራም።

ጨንቻና ዶርዜ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጣሉ። የዶርዜዎች የብዙ ድምፅ ዘፈን በአገራችን ከሚታወቁት የዘፈን ሥርዓቶች ለየት ያለ ነው፤ ብዙ ድምፆች አንዱ በሌላው ውስጥ እየገቡ ሲሄዱ ይሰማል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚያው ተቀምጦ ካጠናው በኋላ ቅጂዎቹ በሸክላ ታትመው ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ዘፈን ውስጥ ዘፋኞቹ ድምፃቸውን የሚወስዱት ከመቃኛ መሣሪያ ሳይሆን እርስ በርስ ነው። ጊታር የያዘ ሰው እንዲህ ዓይነት ዘፈን ሊያጅብ ሲገባ ወደ ዘፋኞቹ መምጣት ያለበት እሱ ነው፤ እነሱ ወደ እሱ አይመጡም። በየደቂቃው የሚሸሽ ብሪጅ ይዞ ይህን ማድረግ አይቻልም።

የሲኒው ብሎኖች ከመመለሳቸው በፊት

ጋሼ ሥራቸውን ከአንገቱ ጀመሩ። ወጣቱ ብሪጁን ሊነካ ሲል እጁን መለሱት። «መጀመሪያ አንገቱ፣ ቀጥሎ ብሪጁ፣ ከዚያ ከፍታው፣ መጨረሻ ላይ ርዝመቱ። ይህን ካዘባረቅክ ሌሊቱን ሁሉ ትሽከረከራለህ።»

አዲስ ክር ገባ፤ ቁጥሩ ከቀድሞው ጋር አንድ ነው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፍሬት ወፍራሙ ክር ላይ ተጭነው በሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት አዩ። ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለትም ወፈር ያለ ወረቀት የምታስገባ ክፍተት ትበቃለች። ከዚያ በላይ ከሆነ በአንገቱ ውስጥ ያለው ብረት ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ ገብቶለት በሩብ ዙር ይጠብቃል፤ ሩብ ዙር ተዙሮ ይታያል እንጂ በአንዴ አይጠመዘዝም።

ቀጥሎ ብሪጁን ያዙት። ክዳኑ በተነሳበት ጉድጓድ ውስጥ፣ በብረቱ ጉማጅና በጊታሩ የታችኛው ጫፍ በኩል ባለው ግድግዳ መካከል፣ በቢላ የተጠረበች የዋንዛ ሽብልቅ አስገቡ። ሽብልቋ ብሪጁን የሚፈለግበት ቦታ ላይ ታቆመዋለች፤ ፌንደር ለስድስት ብሎኑ ብሪጅ የሚመክረው ከኋላው 3.2 ሚሊ ሜትር ከእንጨቱ እንዲነሳ ነው፤ ፍሎይድ ሮዝ ደግሞ ከጊታሩ ደረት ጋር ትይዩ እንዲሆን። ሽብልቋ እስካለች ድረስ ብሪጁ ቋሚ ነው። ስለዚህ ስድስቱ ክሮች አንዱ ሌላውን ሳይረብሽ ይቃኛሉ። አዲስ ክር እየተሳበ እስኪጠግብ ድረስ ሁለት ሦስቴ ይቃኛል።

አሁን ካቻቪቴው ወደ ጥፍሩ ሄደ። ሁለቱ ረጃጅም ብሎኖች እየተፈራረቁ በግማሽ ዙር ጠበቁ። የሞላዎቹ ጉልበት ወደ ክሮቹ ጉልበት ሲቀርብ በሽብልቋ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። በአንድ ቅጽበት ሽብልቋ በራሷ ልል አለች፤ ጋሼ በሁለት ጣት አወጧት። «ቃኘው» አሉ። መቃኛው ላይ ስድስቱም ክሮች ቦታቸው ላይ ነበሩ። ወጣቱ ዘንጉን ተጭኖ ለቀቀ፤ ቀጭኗ ኢ ብቻ ጥቂት ከፍ ብላ ተመለሰች።

«እሷ ነት ላይ ተይዛ ነው» አሉና እርሳስ ፈልገው ሹሉን ጫፍ በነቱ ቦይ ውስጥ አሻሹ። የእርሳስ ግራፋይት ደረቅ ማለስለሻ ነው፤ እንደ ዘይት አቧራ አይሰበስብም። ስድስት ብሎን ያለው ብሪጅ ላይ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ዳርና ዳር ያሉት ብሎኖች ብረቱን ሲይዙ የመሃሎቹ አራት ጥቂት ከፍ ይላሉ፤ ያኔ ብሪጁ ሲወዛወዝ የሚፋቅበት ቦታ ይቀንሳል። የፍሎይድ ሮዝ ድክመት ሌላ ነው፤ በምሰሶው ላይ የሚያርፈው ስለት ከደነዘዘ ብሪጁ የትም ቢቃኝ ወደ ቦታው አይመለስም።

ከዚያ የክሮቹ ከፍታ በአሥራ ሰባተኛው ፍሬት ላይ 1.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሆነ። ርዝመቱ መጨረሻ ላይ መጣ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩ በጣት ተነክቶ የሚሰጠው ድምፅ፣ ተጭኖ ከሚሰጠው ጋር ይነጻጸራል። የተጫነው ከፍ ካለ ክሩ የሚያርፍበት ትንሽ ብረት ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከወረደ ወደ ፊት ይመጣል። እያንዳንዷ ለውጥ ሚዛኑን ስለምትነካ ከእያንዳንዷ በኋላ ስድስቱም ይቃኛሉ። ሥራው ትዕግሥት የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ይንሳፈፍ ወይስ ይቀመጥ

ብሎኖቹ ከሲኒው ወደ ክዳኑ ሲመለሱ ጋሼ ሽብልቋን ለወጣቱ ሰጡት። «ይህችን ቦርሳህ ውስጥ አስቀምጣት። ነገ ዘንጉን ስንቴ ትነካዋለህ?»

«አንድ ሁለት ዘፈን ላይ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ለአንድ ሁለት ዘፈን ሠላሳውን አትጉዳ። ጨንቻ ስትደርስ ሽብልቋን መልሰህ አስገባት።»

ምክሩ ለብዙዎች ይሠራል። ተንሳፋፊ ብሪጅን ማስቀመጥ ማበላሸት አይደለም። ጥፍሩን አጥብቆ ብሪጁ እንጨቱ ላይ እንዲተኛ ማድረግም ይቻላል፤ ያኔ ዘንጉ ድምፁን ያወርዳል እንጂ አያወጣም፤ ክር ሲገፋ ሌላው አይወርድም፤ ክር ሲበጠስም ዘፈኑ አይቆምም። በአንድ ምሽት አምስት ድምፃዊ የሚያጅብ፣ ክር ሲያልቅበት ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ፣ በአንድ ሳምንት ቆላና ደጋ የሚመላለስ የጋሞ ባንድ ጊታሪስት ከማንም በላይ ይህ ያዋጣዋል።

ብሪጁን አንሳፍፎ መጫወት የሚገባው ዘንጉን የአጨዋወቱ አካል ያደረገ ሰው ነው። እሱ ሌላ ውል ይገባል። የክሩን ቁጥር ሳያስብ አይቀይርም፤ ክር ሲለውጥ አንዱን አውጥቶ አንዱን እያስገባ ነው። ደጋ ሲወጣ ከሰዓቱ ቀድሞ ደርሶ ጊታሩን ከቦርሳው አውጥቶ አየሩን ያለማምደዋል። ድምፃዊት ዝቅ አድርጉልኝ ስትለው ክሩን ሳይሆን ጣቱን ያወርዳል፤ ካልሆነለትም በዚያ ቅኝት የተዘጋጀ ሁለተኛ ጊታር ይዞ ይመጣል። ይህን ውል ሳይገባ ተንሳፋፊ ብሪጅ የገዛ ሰው የሚከፍለው በብር አይደለም፤ መድረክ ላይ ሰው እያየው በመቃኘት ነው።